እትዬ አንጓችና ያልተሸከሙት ድንጋይ

እትዬ አንጓች መሞታቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። ከቡሬ የመጣው የእህቴ ልጅ ነገረኝ። ስለ ቀብሩ ስጠይቀው ሰዉ ብዙ እንደነበር፣ ዝናቡም እንደራራላቸው፣ ከቀብር መልስ ደግሞ አንድ ትልቅ ሰው ተነስቶ ስለ ሟቿ ጥሩ ንግግር እንዳደረገ አጫወተኝ። ተናጋሪው የአጎቴ የበኩር ልጅ ነው። እትዬ አንጓች ደግ እንደነበሩ፣ ጓሯቸው ለመንገደኛ ሁሉ ክፍት እንደነበረ፣ በጣልያን ጊዜ ከአባቱ ጋር ትንሽ ቅሬታ ቢፈጠርም በሽማግሌ ታርቀው እንደ እህትና ወንድም ኖረው እንዳለፉ ተናገረ አሉ። ለቀስተኛውም ራሱን እየነቀነቀ ሰማው።

ውሸት ነው። አልታረቁም።

እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት ነገሩን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። አጎቴ የእናቴ ወንድም ነው፤ እናቴ በሕይወት እያለች ይህን መናገር ፊቷን መቧጨር ይሆንብኝ ነበር። እናቴ አለፈች። አሁን እትዬ አንጓችም አለፉ። ከእንግዲህ የማፍረው ሰው የለም። የአጎቴን ስም ግን አልጽፍም። ልጆቹ ያፍራሉ ብዬ አይደለም፤ እነሱ አያፍሩም። ስሙ በጽሑፍ እንዲቀመጥለት ስለማልፈልግ ነው። እትዬ አንጓችን እንደ ወጉ አንቱ እላለሁ። እሱን ግን፣ የቱንም ያህል ታላቄ ቢሆን፣ አንቱ አልለውም።

መንደራችን ከቡሬ ወደ ወጀት በሚወስደው መንገድ ዳር ናት። ወጀት ዛሬ እኔ የምኖርባት ፍኖተ ሰላም ናት፤ ያኔ ይህ ስም ገና አልወጣላትም ነበር። ከጅጋ በኩል ወደ ቡሬ ገበያ የሚወጣ ሰው ሁሉ በእትዬ አንጓች ጓሮ ጥግ ያልፋል። የእናቴ ቤት ከጓሯቸው ጋር የተያያዘ ነው፤ መካከላችን ያለው አጥር የግራዋ ቁጥቋጦ ብቻ ነበር።

እኔ በዚያን ጊዜ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ይሆነኛል። የዳሩኝን ሰው ትቼ ወደ እናቴ ቤት ኮብልዬ ነበር። መንደርተኛው ሲያየኝ ከንፈሩን ይመጣል። እትዬ አንጓች በመጀመሪያው ቀን ከግራዋው ማዶ አይተውኝ፣ መጣሽ፣ በይ ነይ ጎመኑን አሳርሚኝ አሉኝ። ባልሽ ምን አደረገሽ ብለው ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ ጠይቀውኝ አያውቁም። ለዚህ ብቻ እንኳን ብወዳቸው አይበዛም።

አጭር ሴት ነበሩ። ሲስቁ ድምፅ አያወጡም፤ ትከሻቸው ብቻ ይነቀነቃል። ሲቆጡ ደግሞ ድምፃቸው ዝቅ እያለ ይሄዳል፤ በጣም ሲቆጡ ለመስማት መጠጋት ያስፈልጋል። ዱባ ከመቁረጣቸው በፊት በጣታቸው አንጓ ኳኳ አድርገው ጆሯቸውን ይሰጣሉ። "ገና ነኝ ትላለች" ይሉና ትተዋት ያልፋሉ። እኔ ስሞክረው ሁሉም ዱባ አንድ ዓይነት ድምፅ ይሰጠኝ ነበር። የዱባዋ ሳይሆን የጆሮሽ ነው ያልበሰለው ይሉኝ ነበር።

ያን ጓሮ በነሐሴ መጨረሻ ላየ ሰው ረኃብ የሚባል ነገር በአገሩ ያለ አይመስለውም። በቆሎው ከሰው በላይ ረዝሞ ይቆማል። አደንጓሬው አገዳውን ተጠምጥሞ ይወጣል። ከሥራቸው የዱባው ቅጠል መሬቱን ሸፍኖት፣ እግር የት እንደሚያርፍ አይታወቅም። አንዱ የዱባ ሐረግ በየዓመቱ ሰብሮ ይወጣና ጣራው ላይ ይሰፍራል፤ ከመንገድ የሚያየው ሰው ቤቱ ክዳን ላይ በግ የተኛ ይመስለዋል። ጠዋት ጠዋት የዱባው ቢጫ አበባ ሲከፈት ንብ ትገባና ዱቄት ለብሳ፣ ሰክራ እንደ ወጣች ሴት እየተንገዳገደች ትወጣለች። ድንቹን ስንቆፍር እርጥቡ አፈር እየፈረፈረ ከእጃችን ላይ ይወድቃል፤ ድንቹም ቆዳው ስስ ከመሆኑ የተነሳ በአውራ ጣት ሲነኩት ይላጣል። እሸቱን በፍም ዳር እያገላበጥን፣ ጎመኑን በሰናፍጭ እያጠቀስን፣ በሁለት ዝናብ መካከል ባለችው ፀሐይ ተቀምጠን ስንበላ ከንጉሥ ግብር የቀረብን ነገር አልነበረም።

ጎተራ ባዶ በሚሆንበት፣ የማሳው እህልም ገና በሣር ባለበት በዚያ ወር፣ ጓሮ ነው የሰው ነፍስ የሚያቆየው። ማሳው የወንዱ ነው፤ ጓሮው የሴቷ ነው። ክረምቱን የሚያሻግረው ግን ጓሮው ነው። ይህን ወንዶቹ አይናገሩትም።

እትዬ አንጓች በዚህ ጓሮ ላይ አንድ ሕግ ነበራቸው። ሕጉን እሳቸው አላወጡትም፤ የአገሩ ወግ ነው። መንገደኛ ከእሸት ማሳ ገብቶ ቆሞ ቢበላ ማንም አይናገረውም፤ ይዞ ከወጣ ግን ሌባ ነው። ሌላው ሰው ወጉን እያወቀ በመንገድ በኩል ያለውን እሸት በእሾህ ያጥራል። እትዬ አንጓች ግን በመንገዱ በኩል አጥር አላበጁም። እንዲያውም እሳት ያዳፈኑበት ጥግ ነበራቸው። ገበያተኛ ከደከመው ገብቶ፣ ሸልቅቆ፣ ጠብሶ፣ በልቶ፣ ቆረቆንዳውን እዚያው ጥሎ ይሄዳል። "ቆሞ የበላ እንግዳ ነው፤ ተሸክሞ የሄደ ሌባ ነው" ይሉ ነበር። ይህን ሲሉ የማይሰማ የመንደሩ ሰው አልነበረም።

ሕጉን ለአውሬውም ይሠሩበት ነበር። ድኩላ ጎህ ሲቀድ ከወንዙ ጫካ ወጥታ የአደንጓሬውን ጫፍ ትቀነጥሳለች፤ እንግዳ ናት። ቆቅ ከነጫጩቷ የወደቀውን ትለቅማለች፤ እንግዳ ናት። ጃርት ድንች ይወዳል፤ ስለዚህ በጫካው በኩል ያለችውን የመጨረሻ መስመር ለእሱ ትተውለታል። ሲመሽ መጥቶ ይቆፍራል፣ ግማሹን ነክሶ ይተዋል፣ እሾሁን ጥሎ ይሄዳል። እሳቸው ጠዋት እሾሁን ያነሱና የፀጉር መክፈያ አድርገው ለመንደሩ ሴት ያድሉታል። ይህ ባለጌ አይደለም፣ ሲወጣ እጅ ይነሳል ይላሉ። የሚጣሉት ከጦጣ ጋር ብቻ ነበር። ጦጣ በልታ ስትጠግብ አንዱን በቆሎ በብብቷ ትወትፋለች፣ ሌላውን ስትይዝ የመጀመሪያው ይወድቃል፣ እንዲህ እያለች ጓሮውን ታወድማለች። አንድ ቀን፣ ጉንጯን ሞልታ ብትሄድስ ምን ይባላል ብዬ ጠየቅኋቸው። ትንሽ አሰቡበት። ጉንጭ የሆድ ደጃፍ ስለሆነ እንግዳ ናት፣ ብብት ግን ስልቻ ነው ብለው ፈረዱ። ጦጣዋ ላይ ድንጋይ ሲወረውሩም ብብቷን አይተው ነው።

እንግዲህ ጣልያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ ተቀመጠ። የእትዬ አንጓች ባልና አንድ ልጃቸው ዱር ገቡ። በሬዎቻቸውን ባንዳ ነድቶ ወሰዳቸው፤ ማሳው ጦም አደረ። ቤት የቀሩት እሳቸውና ነፍሰ ጡር ምራታቸው ስንዱ ናቸው። ስንዱ በነሐሴ አጋማሽ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ወንድ ልጅ ወለደች። ቤቱ ውስጥ ከአንድ ቁና የማይበልጥ ዳጉሳ ነበር። አራስ ሳትበላ ጡቷ ወተት አያወርድም። ገብስ እስኪደርስ አራሷንና ሕፃኑን የሚያቆየው ያ ጓሮ ብቻ ነው። እትዬ አንጓች ይህን ያውቁ ነበርና በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ጓሮውን በዓይናቸው ሲለኩ አየኋቸው። ይህ ለጳጉሜ፣ ይህ ለመስቀል፣ ይህች ለዘር እያሉ ይሄዳሉ። የሆነ ሆኖ በመንገዱ በኩል አላጠሩም። እናቴ፣ ዘንድሮ እንኳን እሾህ ጣል አድርጊበት ብትላቸው፣ እንግዳ ያከሰረው ቤት የለም ብለው መለሱላት።

አጎቴ በዚያን ጊዜ ለጣልያን ገብቶ ጭቃ ሹም ተብሎ ነበር። ካኪ ኮት ሰጥተውታል፤ በሙቀትም በዝናብም አያወልቀውም። ሹመቱ ግን ገና አልጸናለትም። ምሽጉ ያለው ሹም የአትክልት ነገር ይወዳል የሚል ወሬ ሰማ። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ጣልያኑ አምጣ አላለውም። ማንም አላዘዘውም። እጅ መንሻ ይዞ ልቅረብ ብሎ ያሰበው ራሱ ነው። የራሱ ሚስት ጓሮ ነበራት፤ እሱን አልነካም። የእናቴንም አልነካም። ባሏ ዱር የገባባትን፣ የሚከራከርላት ወንድ የሌላትን ሴት ጓሮ መረጠ።

በጳጉሜ አንድ ጠዋት፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ አህዮችና ከረጢት የያዙ ሰዎች አስከትሎ መጣ። እኔ ከእትዬ አንጓች ጋር አደንጓሬ እየለቀምኩ ነበር። አህዮቹን እንዳዩ ለምን እንደመጣ ገብቷቸዋል። ፊታቸው ላይ ግን ምንም አልታየም። ቀና ብለው፣ እንዴት አደርክ አያ አሉት። አያ ይሉት ነበር፤ ከእሳቸው ብዙም አይበልጥም፣ አክብረውት ነው።

እሱም ከምሽጉ መታዘዙን ዋሽቶ ነገራቸው። እትዬ አንጓች እስኪጨርስ ሰሙት። ከዚያ ኮቱን ከላይ እስከ ታች እያዩ፣ "ይህን ኮት የሰጡህ ሰዎች ኪሱን አብዝተውልሃል፤ ምን ሊያስይዙህ ነው?" አሉት። ከተከተሉት ሰዎች አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

ቀጥለው ያደረጉትን ነው ዕድሜ ልኬን ሳስበው የኖርኩት። ከእሳቱ ጥግ ድንጋይ አራግፈው፣ ተቀመጥ አያ፣ ሰዎችህም ይቀመጡ አሉ። ከበቆሎው መካከል ገብተው ምርጥ ምርጡን ሸለቀቁ። በእጃቸው ጠበሱ። የመጀመሪያውን ለእሱ፣ ቀጥሎ ለሰዎቹ በየተራ ሰጡ። እኔ ግራ ገብቶኝ ዳር ቆሜ አያለሁ። ሲያልፉ በጆሮዬ፣ የበላ ሰው ያፍራል አሉኝ። ወጉን አምነው ነው። ከሰው እጅ እሸት የተቀበለ፣ በዚያው ሰው ጓሮ ከረጢት አይዘረጋም። በአገራችን ይህን የማያውቅ አልነበረም፤ አጎቴም ያውቃል።

በላ። በደንብ በላ። አፉን በኮቱ እጅጌ ጠረገ። ከዚያ ተነስቶ፣ "በሉ ጫኑ" አለ።

ሰዎቹ ትንሽ አመነቱ። አንደኛው በእጁ የያዘውን ቆረቆንዳ የት እንደሚጥለው ጠፍቶት ያገላብጠው ነበር። አጎቴ ሲጮህባቸው ገቡ። በቆሎውን ከነአገዳው ገረሰሱት፤ አደንጓሬው አብሮ ወረደ። ድንቹን ቆፈሩ። ጣራ ላይ ያለችውን ዱባ በእንጨት ወግተው አወረዷት። ለዘር የተቀመጠችውንም ወሰዱ። ከቤት ውስጥ የሕፃኑ ለቅሶ ይሰማል፤ ስንዱ ከበሩ ላይ ቆማ ታያለች፤ አራስ ስለሆነች ከደጅ አትወጣም።

እትዬ አንጓች እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። አህዮቹ ተጭነው ሲነሱ ጠጋ ብለው የተናገሩት በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ነው። "እስካሁን እንግዳዬ ነበርክ። ከዚህች ብትወጣ ሌባ ነህ።" አያ አላሉትም።

እሱም ምናለ በዚያው ዝም ብሎ ቢሄድ። ዞር ብሎ፣ የበቆሎሽ ጣዕም ግን ይመስገን አላቸው።

በዚያው ዕለት ከሰዓት ከጭነቱ አንድ ዱባ ለእህቱ፣ ለእናቴ ላከ። እናቴ ዱባዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ስታያት ቆየች። ከዚያ፣ ወስደሽ መልሺላት አለችኝ። ይዤ ሄድኩ። እትዬ አንጓች በተረገጠው አፈር ውስጥ ተንበርክከው የተረፈ ድንች በጣታቸው ይፈልጉ ነበር። ቀና ብለው ዱባዋን አዩ።

"ማን ወሰዳት?"

"እሱ።"

"ታዲያ እሱ ይመልሳት። የተሰረቀ ነገር በሌላ ሰው እጅ አይመለስም።"

ስንዱ ምን ትብላ ብዬ ተቆጣኋቸው። እሳቸው ድንች ፍለጋቸውን ቀጠሉ። ይህን ስጽፍ ዛሬም እናደዳለሁ። ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ትክክል መሆን ግን አይበላም። ዱባዋን በወዲያኛው በኩል ዞሬ ለስንዱ ሰጠኋት። ቀቅላ በላቻት። እትዬ አንጓች ልጣጩን አይተዋል፤ ያዩ መስለው አልታዩም። እሳቸው ግን አልቀመሱም።

ከዚያ ወዲያ ያቆያቸው የጃርቱ መስመር ነበር። የአጎቴ ሰዎች በእሾህና በተነካከሰ ድንች የተሞላ ስለመሰላቸው ያቺን መስመር አልፈዋታል። ግማሽ ግማሹን ድንች እየጠረብን ቀቀልን። ሳማ ቀቀልን። እናቴም ያላትን ታካፍል ነበር፤ የእኛም ብዙ አልነበረም። ስንዱ ተረፈች። ጡቷ ግን ነጠፈ። ሕፃኑ በመስከረም፣ ገብሱ ሊደርስ ሲል፣ አርባ ቀን ሳይሞላው ሞተ። ክርስትና ስላልተነሳ ካህን አልፈታውም፤ ከማርያም ቅጥር ውጭ ቀበርነው። ስምም አልነበረው። የቀበርነው ሦስት ሴቶች ነን፤ ጉድጓዱን የቆፈሩት እትዬ አንጓች ናቸው፣ በዚያው ድንች በሚቆፍሩበት መቆፈሪያ።

ጣልያን ወጣ። የእትዬ አንጓች ባል ከዱር አልተመለሰም፤ ልጃቸው ተመለሰ። አጎቴ ደግሞ ጣልያን ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ጠመንጃውን ይዞ ወደ አርበኞቹ ዞሮ ነበርና፣ ንጉሡ ሲገቡ እሱም ከሚጨፍሩት ጋር ጨፈረ። መሬትም አገኘ፣ ሹመትም አገኘ። ያንን የጣልያን ኮት አስቀልሞ ለበሰው።

እትዬ አንጓች ከሰሱት። ዳኛ ዘንድ አልሄዱም፤ የመንደሩን ሽማግሌዎች በማርያም ደጃፍ አስቀመጡ። መካከል የተቀመጠው አንድ መሪጌታ ነበር፤ ብዙ ያነበበ፣ አንደበቱ የተባ ሰው። ምን ትፈልጊያለሽ ተባሉ። "ካሳ አልፈልግም። የበላው ዱባ አይወጣልኝም፤ የሞተው ልጅ አይነሳልኝም። ሌባ ነው ብላችሁ ፍረዱልኝ። እሱም በአፉ ይበል። ሌላ ምንም አልፈልግም" አሉ።

አጎቴ ተነሳ። ታዞ እንደነበር፣ ባይወስድ ኖሮ መንደሩ ይቃጠል እንደነበር ተናገረ። ውሸት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አልተነፈሰም። ከዚያ ጎበዝ መሆኑን ያሳየበትን ነገር አመጣ። ሌባ ተደብቆ ይገባል፤ እኔን ግን ተቀመጥ አያ ብላ ያስቀመጠችኝ እሷ ናት፤ በእጇ ጠብሳ ያበላችኝ እሷ ናት፤ የበላ እንግዳ ነው እያለች ስትናገር የኖረችውም እሷ ራሷ ናት አለ። እውነት ይህ ሆኗል ብለው ጠየቋቸው። እትዬ አንጓች ዋሽተው አያውቁም።

"አዎ፣ አብልቼዋለሁ። ያበላሁት እንዲያፍር ነበር።"

መሪጌታው ጢሙን ዳሰሰ። "አላፈረም እንግዲህ። አለማፈር በፍርድ አያስጠይቅም" አለ።

ሰው ሳቀ። በዚያ ሳቅ ውስጥ የነበሩትን ሰዎች ፊት አንድ በአንድ አስታውሳለሁ። አብዛኞቹ ከዚያ ጓሮ እሸት በልተው ያደጉ ናቸው።

ፍርዱ እንዲህ ሆነ። በገዛ እጅ ያበሉትን እንግዳ ሌባ ማለት ነውር ነው። ሕፃኑ ክርስትና ያልተነሳ፣ ስም ያልወጣለት ስለሆነ በነገሩ ውስጥ አይቆጠርም። ስለዚህ የተበደለው ስሙ የጠፋበት ሰውዬ ነው። እትዬ አንጓች በእሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በአንገታቸው ድንጋይ ተሸክመው ሰዉ ባለበት ይቅርታ ይጠይቁታል፤ እሱም ያነሳላቸዋል።

ድንጋይ መሸከም የበደለ ሰው ወግ ነው። ገዳይ ይሸከመዋል። አባቱን የመታ ልጅ ይሸከመዋል። እትዬ አንጓች እንዲሸከሙት ተፈረደ።

እሑድ ደረሰ። ድንጋዩን መርጠው፣ አጥበው፣ በቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ አስቀምጠውላቸዋል። አጎቴ ነጭ ለብሶ ቆሟል። እትዬ አንጓች አስቀድሰው ወጡ፣ ድንጋዩ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ። ልጃቸው እግራቸው ላይ ወድቆ፣ እማዬ፣ ተሸከሚና እንገላገል፣ እኔም መሬቴን በሰላም ልረስ አላቸው። እጃቸውን ራሱ ላይ ጫኑ። ከዚያ ሽማግሌዎቹን አይተው፣ "ድንጋዩ እዚሁ ይቀመጥ። ባለቤቱ ሲመጣ ይሸከመዋል" አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መንደሩ አገለላቸው። የማርያም ጽዋ በደጃቸው አለፈ። እሳት የሚጭርላቸው ጎረቤት ከእናቴ በቀር አልነበረም፤ እናቴም ስትሄድ መንገዱን አይታ ነው። ልጃቸው በዚህ ተማርሮ ስንዱን ይዞ ወደ ሊበን ሄዶ ቀረ። ብቻቸውን ያረጁት በዚህ ምክንያት ነው። የቀብሩ ዕለት ተናጋሪ እንደ እህትና ወንድም ኖሩ ያለው ይህን ነው።

ጓሯቸው ግን በየዓመቱ በቀለ። በመንገዱ በኩል አሁንም አላጠሩም። የማያናግሯቸው ሰዎች ከገበያ ሲመለሱ ገብተው፣ ዓይናቸውን ሰብረው በልተው ይወጡ ነበር። አንድ ጊዜ እኔ፣ እነዚህ ሰዎች እሸትዎን እየበሉ ሰላምታዎን አይመልሱም፣ ለምን አያጥሩባቸውም አልኳቸው። "እነሱ ወጉን ቢጥሉት እኔ ለምን አብሬ ልጣለው?" አሉኝ። እኔ ብሆን አጥር ብቻ አይደለም፣ ጉድጓድ እቆፍርባቸው ነበር። እሳቸው እኔን አይደሉም።

ዓመታት አለፉ። አጎቴ ታመመ፤ የማይነሳበት ሕመም እንደሆነ ታወቀ። የነፍስ አባቱ፣ ከተጣሉት ሳይታረቁ መቁረብ አይሆንም አሉት መሰለኝ፣ እናቴን ወደ እትዬ አንጓች ላካት። እኔም ከወጀት መጥቼ ነበርና አብሬያት ሄድኩ። ነሐሴ ነበር፤ ጎመን ሲቀነጥሱ አገኘናቸው። እናቴ ገና አፏን ሳትከፍት አለቀሰች።

"እታለም፣ ወንድሜ ሊሞት ነው። ስለ ማርያም ይቅር በዪው።"

"ይቅር እለዋለሁ" አሉ እትዬ አንጓች። "ሽማግሌዎቹን ይጥራ። እነሱ ባሉበት፣ ሌባ ነበርኩ ይበል። እሱ ብሎ ሳይጨርስ ይቅር እለዋለሁ። አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ውኃም አጠጣዋለሁ።"

እናቴ እየሮጠች ሄደች። አጎቴ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማት። "በእጇ ነው ያበላችኝ" አለ። ሽማግሌዎቹንም አላስጠራም። በማግስቱ ሞተ።

እትዬ አንጓች ለቀብሩ መጡ። አላለቀሱም። አንድ ቅርጫት ሙሉ የተቀቀለ እሸት በራሳቸው ተሸክመው መጥተው ለቀስተኛውን አበሉ። የሰውዬውን ልጆችም አበሉ። ያ ባለፈው ተነስቶ የተናገረው የበኩር ልጅ ከእጃቸው ተቀብሎ በልቷል፤ ዓይኔ አይቷል። ሰዎች ግን፣ እንባ የሌላት ድንጋይ ልብ አሏቸው።

የእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ ስነግረው አዘነ፤ ወጣት ነውና ግራም ገባው። "አክስቴ፣ ሁሉም ሞተዋል፤ አሁን ምን ይሁን ነው የሚሉት?" አለኝ። ክፉ ጥያቄ አይደለም። እኔም ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ።

እትዬ አንጓች የፈለጉት መሬቱን አልነበረም፣ ሹመቱን አልነበረም። አንድ ቃል ነበር የፈለጉት። ሽማግሌዎቹ ያን ቃል ከሚሰጧቸው ሕፃኑን ከቁጥር ማውጣትን መረጡ። አጎቴ ያን ቃል ከሚያወጣ ሳይቆርብ መሞትን መረጠ። ልጁ ደግሞ የመቃብራቸው አፈር ሳይደርቅ፣ ያልተሸከሙትን ድንጋይ በንግግር አሸከማቸው። ቃሉ ከቤታችን ሰው አፍ መውጣት ነበረበት፤ ከቤታችን ሰው ነገሩን በዓይኔ አይቼ የቀረሁት እኔ ነኝ። የቡሬም፣ የፍኖተ ሰላምም ሰው ያንብበው። አጎቴ ሌባ ነበር።